ጣቴ ቆስሎ አልድን አለኝ፦ ኦቶኢሚዩን በሽታ ላለብን ሰዎች የጣት ቁስል አያያዝ

የጀመረው የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ነው። የክብሪት ራስ የምታክል ነጭ ነጠብጣብ ነበረች። ወረቀት የቆረጠኝ መስሎኝ ፕላስተር ለጠፍኩባትና ረሳኋት። በሳምንቱ ፕላስተሩን ስገልጠው መሃሏ ጎድጉዶ፣ ዙሪያዋ ጠንክሮ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ለ4 ወር የሸሚዝ ቁልፍ የቆለፍኩት በሌሎቹ ጣቶቼ ነው። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ልቤ የምትመታው ደረቴ ውስጥ ሳይሆን ጣቴ ጫፍ ላይ ይመስለኝ ነበር።

ስክሌሮደርማ እንዳለብኝ ካወቅኩ ቆይቷል። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን ከሚያጠቃባቸው ኦቶኢሚዩን በሽታዎች አንዱ ነው፤ ቆዳን ያጠነክራል፣ የደም ሥርን ያጠባል። ጣቶቼ በብርድ ነጭ መሆናቸውንም ለምጄዋለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለው ቁስል ቆዳ ላይ ይታይ እንጂ ጣጣው የደም ነው። ጣቱ ጫፍ ድረስ በቂ ደም አይደርስም። ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ የፈለጋችሁትን ቅባት ብትደፉበት አይድንም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ስቀያይር የከረምኩት ይህን ባለማወቄ ነው።

ስለዚህ እዚህ ከቅባቱ በፊት ሙቀቱ ይመጣል። የምጽፈው በበሽታው እንደሚኖር ሰው እንጂ እንደ ሐኪም አይደለም። ሌሎች ኦቶኢሚዩን በሽታዎች፣ ማለትም ሉፐስ፣ ዴርማቶማዮሳይትስ (ቆዳንና ጡንቻን የሚያጠቃው) ወይም ሩማቶይድ አርትራይትስ (መገጣጠሚያን የሚያጠቃው) ላለባችሁም አብዛኛው ይሆናል። የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ቁስሉ የት እንዳለ እዩ

ጣታችሁን ብርሃን ላይ አድርጉና ተመልከቱት። ቦታው ብዙ ይናገራል።

ጫፉ ላይ ከሆነ የደም እጥረት ነው ብላችሁ ተነሱ። ብርድ ሲነካችሁ ወይም ስትደነግጡ ጣታችሁ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ደም ሲመለስ ደግሞ ቀይ ይሆናል? ይህ ሬይኖድ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1862 እ.ኤ.አ. ስለ ነገሩ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሞሪስ ሬይኖድ ነው። ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ የቀለሙ ለውጥ ቶሎ አይታይም። የጥፍራችሁን ሥርና ጣቱን በመዳፍ በኩል እዩ፣ እዚያ ይለያል።

ሌላ በሽታ የሌለበት ብዙ ሰውም ሬይኖድ አለበት። የእሱ የደም ሥር ይኮማተራል፣ ይለቀቃል፣ አለቀ። እኛ ጋ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ወፍሮ ውስጡ ጠቧል። በጠበበው ላይ መኮማተር ሲጨመርበት የጣቱ ጫፍ ይራባል፣ ሲቆይም ይሞታል። ስክሌሮደርማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሆነ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁስል ያገኛቸዋል። ብቻችሁን አይደላችሁም ለማለት ነው።

አንጓው ላይ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ቆዳው ተወጥሯል። ጣቱ በታጠፈ ቁጥር አጥንቱ ላይ ይሳሳል። በር ጋ ትንሽ መጋጨት ይበቃዋል። ከቁስሉ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ፍርፋሪ ከወጣ ደግሞ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ካልሲየም ነው፤ ካልሲኖሲስ ይሉታል። በመርፌ ቆፍራችሁ ለማውጣት እንዳትሞክሩ። መንቀሉ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ለጀርም በር መክፈት ነው።

ሉፐስ ያለበት ሰው በብርድ ወቅት ጣቱ ላይ የሚያሳክክና የሚያም፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። ጥፍር ዙሪያ ድንገት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ከወጡ፣ በተለይ እግር ላይም ሽፍታ ካለ፣ የደም ሥሩ ራሱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም መታየት አለበት። እሱ በፋሻ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ዋናው የበሽታው መድኃኒት መስተካከል አለበት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች

ይህን ክፍል ቤት ውስጥ ላሉትም አሳዩአቸው።

ጣቱ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ እያሞቃችሁት ግማሽ ሰዓት አልፎም ካልተመለሰ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። "እስኪ ይንጋ" አትበሉ።

መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላትና ሙቀት፣ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለ ቁስሉ አመርቅዟል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ታዩ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስቴሮይድ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ኢንፌክሽን ይዞንም ላያተኩሰን ይችላል። ቴርሞሜትሩ 36.8 ስላለ አትረጋጉ። ቁስሉ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ከጠዘጠዘ እሱ ራሱ ምልክት ነው።

ጣቱ በሙሉ አብጦ ለሳምንታት ከቆየ ወይም ከቁስሉ ሥር ጠንካራ ነገር ከታየ፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ገብቶ እንደሆነ ለማየት ራጅ ይነሳል። ዴርማቶማዮሳይትስ ያለበት ሰው ደግሞ መዳፉ በኩል ወይም አንጓው ላይ ቁስል አውጥቶ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተከተለው ሳንባውም ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አይበል።

ሙቀት፦ ዋናው መድኃኒት

ብዙ ሰው ጓንት ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከደረት ነው። ሰውነታችን የሆድ ዕቃችንን ሙቀት ለማዳን ሲል መጀመሪያ የሚዘጋው ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ነው። ደረታችሁ ከበረደው ጣታችሁ ምን ዓይነት ጓንት ውስጥ ቢሆን ይዘጋል። ስለዚህ ከጓንት በፊት የውስጥ ካናቴራ፣ ኮፍያና የአንገት ልብስ። እኔ ቤት ውስጥ እንኳ እጅጌ የሌለው ሹራብ አላወልቅም። ይሳቁብኛል፣ ይሳቁ።

ጓንት ስታደርጉ ደግሞ ቤት ውስጥ እጃችሁ ሳይበርድ አድርጉት። ጓንት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ያለውን ነው የሚይዘው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብታደርጉት ቅዝቃዜውን ነው የምታሽጉት። አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ዓይነት ጓንት ጣት በጣት ከተለያየው ይሻላል፣ ጣቶች እርስ በርስ ስለሚሞቁ።

ጣቱ ነጭ ሲሆን እንዲህ አድርጉ። ወደ ሙቅ ቦታ ግቡ። እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ ክተቱ፣ ወይም ክንዳችሁን እንደ መንኮራኩር ክብ እያዞራችሁ አወዛውዙ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መንከርም ይቻላል፤ ቁስሉ ክፍት ከሆነ ግን አትዘፍዝፉት። ትኩስ ውሃ በፍጹም አይሆንም፤ ምድጃና ማሞቂያ ላይ መደገፍም እንደዚያው። የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይሰማውም። አንድ ቁስል ልታድኑ ሁለተኛ ትጨምራላችሁ። ውሃውን በክርናችሁ ለኩት፣ ሕፃን እንደሚታጠብበት።

ብርድ ውጭ ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣ መክፈት፣ የበረደ ጠርሙስ መያዝ፣ ጠዋት የመኪና መሪ መጨበጥ፣ የብረት እጀታ መንካት ሁሉም ብርድ ነው። እኔ ማቀዝቀዣው እጀታ ላይ አንድ ያረጀ ጓንት አንጠልጥዬአለሁ። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ሠርቶልኛል።

ሲጋራ የደም ሥርን ያኮማትራል። በኤሌክትሮኒክ መልክ የሚሳበው ኒኮቲንም ያው ነው። እዚህ ላይ የማቆላምጠው ነገር የለኝም፦ እያጨሱ የጣት ቁስል ማዳን በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። ለጉንፋን የሚወሰዱ፣ አፍንጫ የሚከፍቱ ፕሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ክኒኖች፣ እንደ ኤርጎታሚንና ሱማትሪፕታን ያሉ የማይግሬን መድኃኒቶች፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ሬይኖድን ሊያባብሱ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። በተለይ የልብ መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪሙ ይቀይርላችሁ።

ቁስሉን ማጽዳትና መሸፈን

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። እኔ ብዙ ያጠፋሁት እዚህ ነው። ደረቅ ጎዝ ቁስሉ ላይ አስሬ፣ ጠዋት በአንድ ጊዜ ላጥ አደረግኩት። አዲስ የበቀለው ስስ ሥጋ ከጎዙ ጋር ተነሳ። የሁለት ሳምንት ፈውስ በአንድ ሰከንድ ሄደ። ጩኸቴን ጎረቤት ሰምቷል።

1. የሚያማችሁ ከሆነ ፋሻውን ከመቀየራችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በፊት ማስታገሻችሁን ዋጡ። ክፍሉ ሞቅ ይበል። የሚያስፈልገውን ሁሉ አጠገባችሁ ደርድሩ፤ መሃል ላይ ተነስቶ መቀስ ፍለጋ የለም።

2. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሚረዳችሁ ሰው ካለ እሱም ይታጠብ።

3. አሮጌው ፋሻ ከተጣበቀ አትጎትቱት። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ወይም በሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ በተዘጋጀ የጨው ውሃ) አርሱትና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ራሱ ይለቃል።

4. ቁስሉን በዚያው ለብ ባለ ሳላይን ወይም ንጹሕ ውሃ አጥቡት። ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይበቃል፣ መፈግፈግ አያስፈልግም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ራቁ። ሲፈላና ሲያቃጥል "እየሠራ ነው" ያስብላል። የሚሠራው ግን ጀርሙንም አዲሱን ሥጋም መግደል ነው።

5. ዙሪያውን ብቻ በንጹሕ ጎዝ ጠፍ ጠፍ አድርጋችሁ አድርቁ። በዚሁ አጋጣሚ ተመልከቱት፦ ሰፋ? ጠለቀ? ቀለሙ ተቀየረ?

6. አሁን መሸፈን። "አየር ያግኘው፣ ይድረቅ" የሚለውን የድሮ ምክር ተዉት፤ ክፍት ቁስል በመጠኑ እርጥብ ሲሆን ነው ቶሎ የሚሞላው። ደረቅ ለሆነ ቁስል ስስ ቫዝሊን ቀቡና ከማይጣበቅ መሸፈኛ በታች አድርጉት። ኢንፌክሽን ከሌለው ሃይድሮኮሎይድ የሚባለው ለስላሳ ተለጣፊም ይሆናል። ብዙ ፈሳሽ ካለው ፈሳሹን የሚመጥ መሸፈኛ፣ ለምሳሌ አልጂኔት ወይም ስፖንጅ መሰል ፎም ያስፈልጋል፤ የትኛው እንደሚሻል ነርሷን ጠይቁ። ከዚህ ሁሉ የሚለየው ጥቁር፣ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ የቀረ ጫፍ ነው። እሱን አታርሱት፣ ቅርፊቱንም አትቁረጡት። በደረቁ ሸፍናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

7. ጣቱን ዙሪያውን አጥብቃችሁ አትሰሩ። ፕላስተሩን እንደ ቀለበት ማዞር ለጤነኛ ጣት ምንም አይደለም፤ ለእኛ ጣት ግን ያችኑ ጥቂት ደም ማነቅ ነው። በጣቱ ርዝመት ለጥፉት፣ ወይም እንደ ካልሲ የሚጠለቀውን ላላ ያለ የጣት ፋሻ ተጠቀሙ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጫፉን እዩ። ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ፈታችሁ አላሉት።

በየሰዓቱ እየገለጡ ማየት ቁስሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ይቀሰቅሰዋልም። ፈሳሽ የሌለው ቁስል በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ይበቃዋል። ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ግን ወዲያው ቀይሩት። መግልና ቅላት በሌለበት የአንቲባዮቲክ ቅባት መቀባት ጥቅሙ እምብዛም ነው። ቤት ያገኛችሁትን የስቴሮይድ ክሬም ደግሞ ክፍት ቁስል ላይ አታስነኩ።

በሳምንት አንድ ቀን ፎቶ አንሱ። ቦታው አንድ፣ ብርሃኑ አንድ፣ አጠገቡ ማስመሪያ። ቁስሉን በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡን አይለየውም። ሐኪም ፊት ደግሞ ስድስት ፎቶ ከስድስት ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

ሕመሙ

የዚህ ቁስል ሕመም ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ሰው አይቶ "ለዚች ነው?" ይላል። አንድ ሐኪምም እንዲሁ ብሎኛል። ቁስሏ ትንሽ ናት፣ ደም የተነፈገ ሥጋ ግን ይጮኻል። ስለዚህ አትሸማቀቁ። ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚቀሰቅሳችሁ በቁጥር ተናገሩ።

ፓራሲታሞል ሕመሙ ጣራ እስኪነካ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ሲወሰድ ይሻላል። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ። ጉበቱ ችግር ላለበት ወይም ክብደቱ ዝቅ ላለ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ስላለ ደምሩት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ሉፐስና ስክሌሮደርማ ኩላሊት ስለሚነኩ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ሕመሙን ለማስታገስ ብላችሁ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በራሳችሁ አትጨምሩ። ስክሌሮደርማ ባለበት ሰው ላይ ከፍ ያለ መጠን፣ በተለይ በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ፣ የደም ግፊትን በድንገት አንሮ ኩላሊትን ከሚያደክመው አደገኛ ችግር ጋር ይያያዛል።

ሌሊት እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት። ደም ያነሰው ጣት ሽቅብ ሲወጣ ይብስበታል። ከልብ ቁመት ጋር እኩል፣ ትራስ ላይ፣ ላላ ባለ የጥጥ ጓንት ውስጥ ሆኖ ነው እኔ እንቅልፍ ያገኘሁት። ይህ ሁሉ ካልረዳ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ወይም የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ሩማቶሎጂስት (የእንዲህ ዓይነት በሽታዎች ስፔሻሊስት) ማግኘት ከቻላችሁ እሱ ጋ ሂዱ። "ቁስሌን እዩልኝ" ብቻ አትበሉ። "ደሙ ጣቴ ድረስ እንዲደርስ ምን እናድርግ?" በሉ። ጥያቄው መልሱን ይቀይረዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በኒፈዲፒን ወይም በአምሎዲፒን ነው፤ የደም ሥር ያላላሉ። ራስ ምታትና የቁርጭምጭሚት እብጠት ያመጣሉ፣ ግፊትም ያወርዳሉ። ሲልደናፊልና ታዳላፊል ይቀጥላሉ። አዎ፣ ያ በቫያግራ ስም የምታውቁት ሲልደናፊል ነው። ፋርማሲ ላይ ቢሽኮረመሙባችሁ "ለጣቴ ነው" በሉ፣ እውነት ነውና። ናይትሮግሊሰሪን ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ግን አብሮ አይወሰድም፣ ቅባቱም ቢሆን። ግፊት ወርዶ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ከበድ ላለ ቁስል ኢሎፕሮስት የሚባል መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር ለተወሰኑ ቀናት ይሰጣል። ቁስል ለሚደጋገምበት ሰው ደግሞ ቦሰንታን አለ። ያለው ቁስል የሚድንበትን ጊዜ አያፋጥንም፣ የአዳዲሶቹን ቁጥር ግን ይቀንሳል። በየወሩ የጉበት ምርመራ ይፈልጋል። ፅንስ ስለሚጎዳ እርግዝና ላሰበች ሴት አይሆንም።

ሦስት ነገር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሜቶትሬክሴት (የሰውነትን መከላከያ ከሚያዳክሙት መድኃኒቶች አንዱን) የምትወስዱ ከሆነ ለቁስሉ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ አስታውሱ፤ ኮትሪሞክሳዞል ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲገናኝ የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ለምርመራ ደም ከጣታችሁ ሊወጉ ሲሉ "ከክንዴ ውሰዱልኝ" በሉ። ኦክስጅን የሚለካው መቆንጠጫም በቀዘቀዘ ጣት ላይ ይዋሻል፤ ጆሮ ላይ እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። እኔን አንዴ 79 ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስሩጧል። ጆሮዬ ላይ ሲደረግ 97 ሆነ።

በየቀኑ ጣትን ማዳን

ዕቃ ስታጥቡ ከስር የጥጥ፣ ከላይ የጎማ ጓንት አድርጉ። ቆዳችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ወዲያው ቅባት ቀቡት፣ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። የጥፍር ዙሪያ ቆዳ አታስቆርጡ። ዚፕ ላይ የቁልፍ ቀለበት አስገቡ፣ በሙሉ ጣት ይጎተታል። ስልክ በቆሰለው ጣት አትንኩ። ክዳን አልከፈት ሲላችሁ ለሌላ ሰው ስጡት፤ እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ቁስሉ ሲዘጋ ወዲያው አትልቀቁት። አዲሱ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። እኔ ለአንድ ወር ያህል መሸፈኔን ቀጥያለሁ። አሁን ጫፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የምትመስል ትንሽ ጉድጓድ ቀርታለች፤ ስክሌሮደርማ የሚተወው ጠባሳ እንዲህ ነው። ስልኬም የጣቴን አሻራ አላውቅህም ብሎኝ፣ የግራ አውራ ጣቴን አስመዝግቤለታለሁ።